እማዬ እንዝርቷን ያቆመችባቸው መጻሕፍት

መጽሐፍ ሻጩ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው «ሻጭ ሆነህ ራስህ ምን ታነባለህ?» ብላችሁኝ ነበር። ይኸው ዛሬ ጊዜ አገኘሁ። ለማታውቁኝ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ እሸጣለሁ። አዲስም አሮጌም። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል።

ዘንድሮ ያነበብኩት እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። ሁሉንም ድምፄን አውጥቼ ነው ያነበብኩት። ምክንያቱ እናቴ ናት። ዓይኗ ደክሟል። ግላኮማ ነው ተብለናል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ይዘን ነው ያለነው። ዳዊቷን በቃሏ ስለምታውቀው እሱ አልጎደለባትም። ሌላው ግን ቀረባት።

ሰኔ ላይ አንድ ማታ መብራት ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እማዬ ጥግ ይዛ ጥጧን ትፈትላለች። ለመፍተል ዓይን አያስፈልጋትም፣ ጣቶቿ ያውቁታል። «ያን ሁሉ መጽሐፍ ተሸክመህ ትገባለህ ተሸክመህ ትወጣለህ። ምን ይላል ግን?» አለችኝ። እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ገጽ አንብቤላት አላውቅም። የስልኬን ባትሪ አበራሁና ከማዳበሪያው ውስጥ እጄ ላይ የመጣውን አወጣሁ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ አነበብንላችሁ።

አንድ ነገር ልብ ያልኩት በሳምንቱ ነው። እንዝርት ድምፅ አለው። ስታሾረው ሽር ይላል፣ ክሩን ስትጠቀልል ዝም ይላል፣ እንደገና ሽር ይላል። ታሪኩ ሲይዛት ግን ድምፁ ይጠፋል። እጇ አየር ላይ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። ግማሹ የእንዝርቷ ነው።

ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልጀምር። በ1958 የወጣ መጽሐፍ «በቅርብ አነበብኩት» ሲባል ለአንዳንዶቻችሁ ይገርማችሁ ይሆናል። እኔ ግን ስንት ጊዜ ሸጬው ስንት ጊዜ ጀምሬው ጨርሼው አላውቅም ነበር። ታሪኩን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ያነበብኩት ይመስለኝ ነበር። እማዬ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ከጎረቤት ጋር ተሰብስባ ሰምታዋለች። ታሪኩ የሚሆንበት ጎጃም ነው ያደገችው። ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አነባበቤን ማረም ጀመረች። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና የማጠብቀውን ታላላለች፣ የማላላውን ታጠብቃለች። ስታርመኝ ዐረፍተ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ እንዴት ያለ ጆሮ ያላቸው ሰው እንደነበሩ የገባኝ ያኔ ነው።

እንዝርቷ የቆመው እኔ በጠበቅኩት ቦታ አልነበረም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል በሚፋቀሩበት ቦታ እየፈተለች ነው የሰማችው። የቆመው ስእለቱ ላይ ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጁ እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን የሰጡበት ቦታ። «ሳይጠይቁት ሰጡት» አለች። ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም። እኔ መጽሐፉ የፍቅር ነው እያልኩ ነበር ስሸጠው የኖርኩት። እሷ ግን ወላጅ በልጁ ዕድሜ ላይ ስለገባው ቃል አድርጋ ነው የሰማችው። አሁን ሳስበው ልክ ናት። ሌላው ሁሉ ከዚያ ቃል የሚመዘዝ ነው። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን የማረኩበት ቦታ ላይ ደግሞ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ድገመው አለችኝ፣ ደገምኩት።

ቀጥሎ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»። ይሄንን መጽሐፍ ያላነበባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ፈልጋችሁ አንብቡ። መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማን እያነጋገሩ በቴፕ ቀድተው፣ ንግግሩን እንዳለ ወደ ወረቀት ያወረዱት ነው። የታተመው በ1959 ነው። ሽማግሌው ያወራሉ፣ ልጅ ይጠይቃል። የቅኔ ቤት፣ የተማሪ ቤት ረሃብ፣ የድሮ ሰው ጠባይ፣ የነገሥታቱ ወሬ፣ ሁሉም አለ። እኔ ለብቻዬ ስሞክረው ከብዶኝ ነበር። ድምፄን አውጥቼ ሳነበው ግን በሁለተኛው ገጽ ላይ አፌ ራሱ መንገዱን አገኘው። ለዓይን የተቆራረጠ የሚመስለው ነገር ለጆሮ ቀጥ ያለ ነው። እማዬ ማታ ማታ «የእኚያን አባት አምጣቸው» ማለት ጀመረች። መጽሐፉን ሳይሆን ሰውየውን። አንድ ማታ እንዲያውም ቡና ፈልቶ፣ «እሳቸው ይጨርሱ፣ ከዚያ እንጠጣለን» አለች።

ሦስተኛው «ነገም ሌላ ቀን ነው»። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሚያወራው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ነው፣ ነቢይ መኮንን የተረጎመው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነቢይ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ ወረቀት ስላልነበረ፣ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። 3000 ገደማ ቁራጭ። እየተጣጠፈ፣ ከእስር ቤት በድብቅ እየወጣ። ይሄንን አስቀድሜ ለእማዬ ነገርኳት። «እስረኛ ሆኖ የሰው አገር ጦርነት ምን አደረገለት?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ማንበብ ጀመርን። አማርኛው ደስ ይላል፣ ምላስ ላይ አይንገዳገድም። ብዙ ትርጉም ድምፅ ስታወጣበት ይጋለጣል፣ ይሄ አልተጋለጠም። ባለታሪኳን ስካርሌትን ወደደቻት። ግትር ናት፣ እንደ እኔ ናት አለች። ሰፊውን የጥጥ እርሻ የሚያወራበት ቦታ ስንደርስ ግን እንዝርቱ ቆመ። ጥጡን በጣቶቿ ይዛ «ይሄን ሁሉ ጥጥ ማነው የሚለቅመው?» አለችኝ። «ባሪያዎች» አልኳት። «የእነሱን መቼ ነው የምታነበው?»

መጽሐፉ ውስጥ የእነሱ የለም። ማለቴ አሉ፣ ያገለግላሉ፣ ይናገራሉ፣ ግን ታሪኩ የእነሱ አይደለም። የለቃሚዎቹን ነገር ከእነሱ ወገን ሆኖ አይነግርህም። ስንት ዓመት ስሸጠው ይሄ ጥያቄ በአእምሮዬ አላለፈም። አማርኛውን አሁንም እወደዋለሁ፣ መጽሐፉን ግን ከዚያ ማታ በኋላ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

«አደፍርስ»ን ሞክሬ አልሆነልኝም። የዳኛቸው ወርቁን። እኔ እጅግ እወደዋለሁ። እማዬ ግን አንድም ጊዜ እጇ አልቆመም። ሁለት ማታ አንብቤ ተውኩት።

የስኬትና የቢዝነስ መጻሕፍት ዘንድሮም በብዛት የሸጥኩት እነሱን ነው። ሁለቱን አነበብኩላት። «ይሄ ምክር ነው» አለች። ከዚያ በላይ የምጨምረው የለኝም።

የመጨረሻው «ኦሮማይ» ነው። የበዓሉ ግርማ። እሱ ላይ ብዙም አልሄድንም። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ሲሄድ እንዝርቷ ቆመ፣ ከዚያ «ይብቃ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ በ1974 ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ አላስታውሰውም። መጽሐፉን ሳወጣ ይሄንን ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። አሁን መደርደሪያው ላይ ገጹ ታጥፎ ተቀምጧል።


አዟሪው፦

ጋሼ ሰላም። እኔ በክንዴ ደርድሬ ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ የምዞር ነኝ። ምናልባት በመልክ ያውቁኝ ይሆናል። ለእኛ ማንበብ ከባድ ነው፣ ስንቆም ብቻ ነው። እኔ የማደርገው ደንበኛ ካፌ ውስጥ ሲያገላብጥ ፊቱን ማየት ነው። የጀርባውን ጽሑፍ አንብቦ የሚመልሰው አይገዛም። መሃሉን ገልጦ ቆሞ የሚያነበው ይገዛል። የእናትዎን እንዝርት ሳነብ ይሄ ትዝ አለኝ።

አንድ ጥያቄ። የአለቃ ለማን አሮጌ ቅጂ ሰው ጠይቆኝ ነበር። እርስዎ ጋ ይገኛል? ደግሞ ኮፒው ብዙ ነው አሁን፣ እንዴት ነው የሚለዩት?


መጽሐፍ ሻጩ፦

የእኔ ልጅ፣ በክንድህ የምትይዘውን ቁልል አይቼ ሁልጊዜ አደንቃለሁ። አለቃ ለማ አንድ አለኝ፣ ግን የእማዬ ሆኗል። ሌላ ሲመጣ አስቀምጥልሃለሁ።

ስለ ኮፒ ካነሳህ አንድ የሆነ ነገር ልንገርህ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበብኩላት ከአንድ ጅምላ አከፋፋይ ከገዛሁት ውስጥ ነበር። አንድ ማታ ገጽ ገልጬ እየቀጠልኩ እማዬ «ቆይ ቆይ፣ መሃሉን ምን አደረግኸው?» አለችኝ። ምንም አላደረግሁም አልኳት። «የለም፣ እዚህ ጋ የጎደለ አለ» አለች። ቁጥሩን ሳይ 16 ገጽ የለም። የገጹ ቁጥር ዘሏል። እኔ ሳላየው አልፌው ነበር። እሷ ከስንት ዘመን በፊት በሬዲዮ የሰማችውን ነው ያስታወሰችው።

ከዚያው እሽግ ሰባት ሸጬ ነበር። አራቱን ደንበኞች አግኝቼ ቀየርኩላቸው። ሦስቱን እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም። ያንን ሳስብ ይከነክነኛል። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ክረምት ላይ የገዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ ገጹን ቆጥራችሁ ይዛችሁልኝ ኑ።

ሲለዩት ላልከው፣ ሽፋኑን አትይ፣ ሽፋን አሳምረው ይሠራሉ። መሃሉን ግለጥና ፊደሉን እይ። ከሌላ መጽሐፍ ላይ የተነሳ ከሆነ የፊደሉ ጠርዝ ይወፍራል፣ ነጥቦቹ ይደፈናሉ። ሁለት ነጥቡ አንድ ጭረት መስሎ ከታየህ ተወው።


መምህር ከደብረ ብርሃን፦

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ለተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። በ«አደፍርስ» ግን አልስማማም። አስተማሪ ነኝና ፍቀድልኝ።

ያ መጽሐፍ ከእኛ አገር የወጣ ነው። የሸዋ ደጋ፣ የደብረ ሲና ዙሪያ። ዳኛቸው በ1962 ሲያሳትመው ብዙ ሰው ቋንቋው ከበደኝ ብሎ ትቶታል። ዐረፍተ ነገሩ ይጠማዘዛል፣ ይቋረጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። አንተ ያነበብክላት ትረካውን ይመስለኛል። ትረካው ለዓይን ነው፣ እሺ። ንግግሩ ግን ለጆሮ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ ሲናገሩ የሚሰማውን ያን የባላባት ሴት አነጋገር እኔ ከአያቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። እያዘዙ ይለምናሉ፣ እየመረቁ ይወቅሳሉ። ትረካውን ተውና የእሳቸውን ንግግር ብቻ አንብብላት። ሰው ለይተህ፣ ድምፅ ለይተህ። ከዚያ ንገረኝ።


የሻርጃዋ፦

እኔ የምሠራው ሰው ቤት ነው። ሻርጃ። ማንበብ አልችልም፣ ጊዜው የለም፣ መጽሐፍም ከዚህ የት አገኛለሁ። በአንድ ጆሮዬ ግን ሁልጊዜ ትረካ አለ። በአንዱ ብቻ፣ ምክንያቱም ማዳም ስትጠራኝ መስማት አለብኝ። ልብስ ስተኩስ ነው የማዳምጠው። የሸገር ትረካዎችን ሁሉ ጨርሻለሁ ማለት እችላለሁ።

የእናትህን እንዝርት ሳነብ አለቀስኩ። እኔም ካውያውን የማቆምበት ቦታ አለና። አንድ ሸሚዝ አቃጥያለሁ። ሰብለ ወንጌል ወንድ መስላ ከቤት የወጣችበት ቦታ ላይ ነበርኩ። እኔም ከቤት የወጣሁት ማንም ሳያውቅ ነው። በዛብህን ፍለጋ ሳይሆን ሥራ ፍለጋ። ግን መንገዱ፣ ሌሊቱ፣ ፍርሃቱ ያው ነው።

የአለቃ ለማን በድምፅ የሠራው ሰው አለ? ካለ ንገሩኝ።


መጽሐፍ ሻጩ፦

እህቴ፣ የሸሚዙን ነገር ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የአለቃ ለማን በድምፅ እኔ አላጋጠመኝም። ግን ለእማዬ ሳነብ በስልኬ ልቀዳልሽ እችላለሁ። የቆርቆሮው ድምፅና የእማዬ ጣልቃ ገብነት አብሮ ይመጣል፣ እሱን ከቻልሽው። ለአንቺ ብቻ እልከዋለሁ።

መምህር፣ ምክርዎን ሞከርኩት። ትናንት ማታ የወይዘሮ አሰጋሽን ንግግር ብቻ እየመረጥኩ አነበብኩላት። ልክ ነበሩ። እማዬ «ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ፣ ገበያ ላይ ቆማ ዋጋ የምትቆርጠው ናት» አለች። እንዝርቱም ቆመ፣ ሁለት ጊዜ። ስለዚህ ቃሌን መልሻለሁ። መጽሐፉ ሳይሆን የእኔ አነባበብ ነበር የጎደለው።


ሕጽናዊ፦

ሁላችሁም የምትጽፉት ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ጆሮ ብቻ ሚዛን ከሆነ የአዳም ረታ መጻሕፍት የት ይግቡ? አዳም ሕጽናዊነት ብሎ ስም ያወጣለት አጻጻፍ አለው። ምሳሌው እንጀራ ነው። እንጀራ ላይ ዓይኖቹ ተበታትነው የተቀመጡ ይመስላሉ፣ ግን በሥር ይያያዛሉ። ታሪኮቹም እንደዚያ ናቸው። አንዱ ጋ የጠቀሰውን ተራ ሰው ሌላው ጋ ታገኘዋለህ። የግርጌ ማስታወሻው ራሱ ታሪክ ነው። ወደ ኋላ መገለጥ፣ ወደ ፊት መዝለል፣ ጣትን ገጽ ላይ አድርጎ ሌላ ገጽ መፈለግ ይፈልጋል። ይሄንን ድምፅ አውጥተህ እንዴት ታነበዋለህ? አማርኛ ልብ ወለድ ከሬዲዮ ትረካ ነፃ ወጥቶ ለዓይን መጻፍ የጀመረው ገና ዛሬ ነው፣ እናንተ ወደ ኋላ እየመለሳችሁት ነው የሚል ስጋት አለኝ።


መጽሐፍ ሻጩ፦

ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ሁሉም መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ አላልኩም። እኔ የጻፍኩት የእኛን ቤት ነው። የአዳምን «ግራጫ ቃጭሎች» በ1997 እንደወጣ ለብቻዬ ነው ያነበብኩት፣ ባለታሪኩ መዝገቡ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለእማዬ ላንብበው ብዬ አስቤ አላውቅም። አንተ ካልክ በኋላ ግን አንዱን አጭር ታሪኩን ሞከርኩ። የግርጌ ማስታወሻው ጋ ስደርስ ቆም እልና ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበዋለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። ግራ ትጋባለች ብዬ ነበር። አልተጋባችም። ሰው ሲያወራ እንዲህ ነው አለች፣ መሃል ላይ «እገሌን ታውቂው የለ» ብሎ ይወጣል፣ ይመለሳል።

የእንጀራውን ምሳሌ ነገርኳት። 60 ዓመት እንጀራ የጋገረች ሴት ናት። ትንሽ አሰበችና «ዓይን የሌለው እንጀራ ወጥ አይዝም» አለች። ይሄን ለአንተ አደራ ብላኛለች።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ከአሜሪካ ነኝ። የምጽፈው ስለ «ኦሮማይ» ነው።

አባቴ ይሄ መጽሐፍ ነበረው። በ1975 ኩራዝ አሳትሞት ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ አባቴ የእሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከበርበሬው ማሰሮ ጀርባ ደበቀው። እኔ ልጅ ሆኜ ያ መጽሐፍ በርበሬ በርበሬ ይሸተኝ ነበር። በዓሉ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አባቴ ያንን ሲሰማ ቀኑን ሙሉ አልተናገረም።

የእኔ ልጅ አማርኛ ትሰማለች፣ ፊደል ግን አታነብም። በ2017 በዴቪድ ዴጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ትርጉም በእንግሊዝኛ ሲወጣ ሁለታችንም ያዝን። እሷ የእንግሊዝኛውን፣ እኔ የአባቴን ቅጂ። ምዕራፍ ምዕራፍ እኩል እየሄድን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናወራበት ነበር። ልጄ የጸጋዬን ፍቅረኛ ፊያሜታን ወደደቻት። እኔ ደግሞ በወጣትነቴ የፍቅሩን ነገር ብቻ ነበር የማየው፣ አሁን ያየሁት ስብሰባዎቹን ነው። ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም የማይናገርበትን። ልጄ አንድ ቀን «እማማ፣ ይሄንን ጽፎ እቤቱ ተቀመጠ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ተቀመጠ።

ወንድሜ፣ እናትህን አትጫናቸው። ግን መጽሐፉን ከመደርደሪያው አታንሳው። አባቴ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው ደግሞ የገለጠው።


መጽሐፍ ሻጩ፦

እህቴ፣ የበርበሬው ሽታ ያለው ቅጂ በእጄ ቢገባ ዋጋ አልጠይቅበትም ነበር። ከአንቺ ጋር ይኑር።

የጻፍሽውን ለእማዬ አነበብኩላት። ደገመችው። «አባቷ ከስድስት ዓመት በኋላ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ይሄ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ዛሬ የምጽፈው ትናንት ማታ ስለሆነው ነው። እራት በላን። የአለቃ ለማን ላነሳ ስል «የለም፣ ያቺን የአስመራዋን» አለች። እርግጠኛ ነሽ ወይ አልኳት። «ጮክ አድርገህ አንብብ፣ ዝናብ አለ» አለችኝ። ዝናብ አልነበረም።

ገጹን ከታጠፈበት ገለጥኩ። ከማንበቤ በፊት እንዝርቷን ከነጥጡ ሰፌዱ ላይ አስቀመጠችና ሰፌዱን በእግሯ ገፋ አደረገችው። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። እስከ አምስት ሰዓት አነበብኩላት። ጸጋዬ አስመራ ገብቷል፣ ከተማውን እየዞረ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስቆመችኝ። «እሱም ይሄን መንገድ አይቶት ይሆን?» አለች። አጎቴን ማለቷ ነው። አይቶት ይሆናል አልኳት፣ ከተማ ነውና ሁሉም ያልፍበታል። «እንግዲያው ቀስ ብለህ አንብብ» አለችኝ።